ቁጥር የሌለው ሰዓት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ነው። ልብስ ሰፊ መሆን ማለት ከጠዋት እስከ ማታ "ሐሙስ ይደርሳል" ማለት ነው። ሰኞ ብትመጡ ሐሙስ፣ ረቡዕ ብትመጡ ሐሙስ፣ ሐሙስ ከመጣችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ሐሙስ። ደንበኞቻችንም የዋዛ አይደሉም። የወንድሙ ሠርግ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆነ ሰው "ሠርጉ በሁለት ሳምንት ነው" ብሎ ይመጣል። እኛ እንደሚዋሽ ስለምናውቅ አንድ ሳምንት እንጨምርበታለን። እሱ ደግሞ እንደምንጨምርበት ስለሚያውቅ በማግስቱ መጥቶ "ተሳስቼ ነው፣ በአንድ ሳምንት ነው" ይላል። በዚህ ሁሉ ውሸት መሀል ኮቱ በቀኑ ይደርሳል። እንዴት እንደሚደርስ አለቃዬም አያውቅም፤ ጠይቄው ትከሻውን ነው ያነቃነቀው።

እንዲህ ባለ ቤት ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ቀጠሮ አክባሪ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ከድመት ጩኸት ወተት እንደመጠበቅ ነው። ስሜ ከጠፋ ቆይቷል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ "መጣሁ" ብሎ ነው። ስልክ ሲደወልልኝ የምመልሰው እሱን ስለሆነ ነው። "የት ደረስክ?" "መጣሁ፣ መጣሁ።" ይህን ስል አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግሬ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ሰው ሲቆጣኝ ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እላለሁ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ያረፈደ ሰው እንደሆነ እምላለሁ።

የምወዳት ሴት ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ ለሰው "በየስምንት ሰዓቱ አንድ፣ ሳታሳልፍ" እያለች ትውላለች። ሁለት ዓመት ጠብቃኛለች። ይህን የምለው በፍቅር ቋንቋ አይደለም፤ በእውነት ቆማ ነው፣ ፌርማታ ላይ፣ አንዳንዴም በዝናብ።

አንድ ሰኞ ፋርማሲውን ዘግታ ስትወጣ እንዲህ አለችኝ።

"እሁድ እኛ ቤት ምሳ ተጠርተሃል። አባቴ ሊያይህ ይፈልጋል። ስድስት ሰዓት።"

"እመጣለሁ።"

"እሱን ተወው። ስንት ሰዓት ነው ያልኩህ?"

"ስድስት።"

አባቷን በዝና አውቃቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ በር ላይ ተቀምጠው የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በሰዓቱ ለገባ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ላረፈደ ቀይ። ጡረታ ሲወጡ ከልማዱ ጡረታ አልወጡም፤ በማግስቱ አዲስ መዝገብ ገዝተው ሥራውን እቤታቸው ቀጠሉ። ሚስታቸው ስንት ሰዓት ከገበያ እንደተመለሱ፣ ልጆቻቸው ስንት ሰዓት እራት እንደቀረቡ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

"እኔንም ሊመዘግቡኝ ነው?" አልኳት።

"አንተን? መዝገቡ ላይ የሚገባው የቤት ሰው ብቻ ነው። የቤት ሰው ሲያረፍድ ቀይ ይጻፍበታል። እንግዳ ሲያረፍድ በሩ ይዘጋበታል። የታላቅ እህቴን ጓደኛ ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"እኛም አናውቀውም። አርባ ደቂቃ አርፍዶ መጣ።"

ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ኪሴ ውስጥ ከተተችው። "እሱን እቤት ጥለኸው ትመጣለህ። ሰዓት ልይ ብለህ ታወጣውና ሰው ድመቱን ሲያጥብ እያየህ ግማሽ ሰዓት ትቆያለህ። የእጅ ሰዓት ግዛ፤ የሚሠራና ሰው ፊት የማያሳፍር።" የፋርማሲውን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ጣለች። "ሦስተኛ ዓመት ግን አልጠብቅም። እሁድ ካረፈድክ በቃን።"

ይህን ስትል አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም፤ ፈራሁ። እሷን ከማጣ ጣቶቼን የስፌት መኪናው ቢሰፋኝ እመርጣለሁ።

ሰዓት ልገዛ መሆኑን ስናገር መካሪ በዛ። አለቃዬ ከመቀሱ ቀና ሳይል "ሰዓት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሸሚዙን እጅጌ ይለካ" አለ። "ወፍራም ሰዓት የእጅጌ ጫፍ ይበላል። በስድስት ወር ውስጥ ሸሚዝህ በግራ በኩል ብቻ ያረጃል።" ፀጉር ሠሪዋ እህቴ ደግሞ እጄን አገላብጣ አየችና "ቀጭን ይሁን። የአንተ ክንድ ላይ ትልቅ ሰዓት ሲታይ ሰውየው ሰዓት አስሮ ነው ወይስ ታስሮ ያሰኛል" አለች። እማዬ በበኩሏ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ውሃ የማያስገባ፣ ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብና ርካሽ። ሁሉንም በጥሞና ሰማሁ። ከዚያ የሄድኩት የራሴን ሞኝነት ይዤ ነው።

ሰዓት ሻጩ የሚሠራው አንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ የመስታወት ሳጥን ፊቱ አስቀምጦ ነው። በሁለት እጁ ላይ ስምንት ሰዓት ደርድሯል። ሥራ እንዳይረፍድብኝ ሰግቼ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ስለው ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ አየ። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ወርቃማ ነገር ነበር። "ይሄ የሥራ አስኪያጅ ሰዓት ነው" አለኝ። ሳስረው እጄ ወደ ታች ሄደ። አንገቴ ላይ የቀረውን ሜትር አውርጄ ውፍረቱን ለካሁት፤ እንኳን የሸሚዝ እጅጌ የካፖርትም አያሳልፈውም። ቀጥሎ ሆዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ሰዓት ያለበትን አመጣ።

"ትንንሾቹ ምን ይሠራሉ?"

"ያምራሉ።"

"አይዞሩም እኮ።"

"ቢዞሩማ ዋጋው እዚህ ይቆማል?"

ሦስተኛው ደህና ሰዓት ነበር። ነጭ ፊት፣ አሥራ ሁለት ጥርት ያለ ቁጥር፣ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ፣ ቀጭን፣ ዋጋው የዘጠኝ ሱሪ ማሳጠሪያ። (እኛ ቤት ማንኛውም ዋጋ የሚሰላው በሱሪ ማሳጠሪያ ነው።) አለቃዬም፣ እህቴም፣ እማዬም የሚስማሙበት ሰዓት ነው። ልከፍል ኪሴ ገባሁ። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ነው አራተኛውን ያየሁት።

ጥቁር ነበር። ፊቱ ላይ ቁጥር የለ፣ ጭረት የለ፣ ነጥብ የለ። ሁለት ቀጫጭን ብርማ ዘንጎች ብቻ። እንደዚያ ያለ ልብስ ልሰፋ ስምንት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት፣ ደንበኛ ግን "ኪሱስ የታለ?" እያለ የከለከለኝ ዓይነት ነገር ነው። ልቤ ሄደ።

"ቁጥሩስ?" አልኩት፣ ለይስሙላ።

"ወንድሜ፣ ቁጥር የሚያስፈልገው ለማያውቅ ነው። አንተ ሰዓት ማንበብ አትችልም?"

እንዴት አልችልም! አስሬው መስታወት ፊት ቆምኩ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የኔ ልብ ገና ዓይኔ ሳይጨርስ ፈርዶ ነበር። አሥራ አንድ ሱሪ ማሳጠሪያ ያለውን ወደ ስምንት አወረድኩት፤ በላዩ ላይ የሻጩን የራሱን ሱሪ በነጻ ላሳጥርለት ተስማማን።

"ውሃ ይችላል?" አልኩት ስወጣ።

"ይችላል። ብቻ እንዳታረጥበው። ሱሪዬስ መቼ ይደርሳል?"

መልሱን ታውቁታላችሁ።

አለቃዬ ሰዓቱን ሲያይ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ይሄማ የካፖርት ቁልፍ ነው። አራት ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው።" እህቴ "ሲያምር!" አለችና ቀጥላ "ስንት ሰዓት ነው ግን የሚለው?" ብላ ጠየቀች። እማዬ ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ አርቃ፣ አቅርባ፣ ዓይኗን ጨፍና ከፍታ አየችው። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠፍቷል መሰለኝ፤ አብራው" አለችኝ።

ይሳቁ። እኔ የቆረጥኩት ነገር ነበር። እኛ ቤት ያለ ሰዓት ሁሉ ውሸታም ነው። የወጥ ቤቱን እማዬ ሩብ ሰዓት አስቀድማዋለች፣ እህቴ የራሷን ሃያ ደቂቃ አስቀድማለች፤ ሁላችንም የሚቀድሙትን ስለምናውቅ ቀንሰን እናነባለን፣ ቀንሰን ስናነብ ደግሞ ከሚገባው በላይ እንቀንሳለንና ሁላችንም እናረፍዳለን። ስለዚህ ይህን ሰዓት ከሬድዮ ጋር አስተካከልኩና ማልኩ። "ከዛሬ ጀምሮ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ይሄ ሰዓት ያለኝን አምናለሁ። ሌላ ሰዓት ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ለአለቃዬ ነገርኩት፣ ለእህቴ ነገርኳት፣ ለእማዬ ነገርኳት። ስህተቴ መናገሬ ነው። ከጠላት ፈጣሪ ይጠብቃል፤ ከሚወድህ ሰው ማን ይጠብቅሃል?

ቀጥሎ የሆነውን እኔ በጊዜው አላወቅኩም። እናንተ ግን እወቁት፣ አብረን እንድንናደድ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስተኩስ የካውያው እንፋሎት እንዳይገባበት ሰዓቴን አውልቄ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አለቃዬ ዞር ስል ጠብቆ ሃያ ደቂቃ ወደፊት ገፋው። "ልቡ ተሰብሮ እያለቀሰ የሰው ኮት ከሚያቃጥልብኝ ብዬ ነው" አለ በኋላ። ማታ ማሰሪያው ስለሰፋኝ እህቴ "አምጣ፣ አንድ ቀዳዳ ልጨምርልህ" አለች። ቀዳዳውን ጨመረች፤ አሥራ አምስት ደቂቃም ጨመረች። እሁድ ጠዋት ደግሞ ገላዬን ስታጠብ እማዬ ሰዓቱን አልጋዬ ላይ አገኘችው። አምስት ደቂቃ ብቻ ልታስቀድመው ነበር አሳቧ። ነገር ግን ቁጥር በሌለው ነገር ላይ አምስት ደቂቃ የት ነው ያለው? ሃያ አምስት ገፋችው። ሦስቱም አልተማከሩም። አንድ ሰዓት ሞላ።

ፋርማሲስቷስ? እሷ ከሁሉም ቀድማ ገና ሰኞ ለት ሥራዋን ጨርሳለች። ምሳው ሰባት ሰዓት ነው። ልብስ ሰፊ ስለምታውቅ ስድስት አለችኝ።

ከገላ መታጠቢያ ወጥቼ ሰዓቱን አየሁ። አምስት ሰዓት አልፏል! የእነሱ ቤት አርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለት ዓመት ፈጅቼ ለራሴ የሰፋሁትን ሱፍ በሩጫ ለበስኩ፣ ለእነሱ የገዛሁትን የኬክ ካርቶን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ፣ እግሬ አውጪኝ አልኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!" እያለች ሸኘችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

የእነሱን በር ሳንኳኳ በኔ ሰዓት ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። አሥር ደቂቃ ቀደምኩ! ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። የተወለድኩትም ከተባለው ቀን አሥራ አንድ ቀን ዘግይቼ ነው፤ እማዬን ጠይቁ።

በሩ ተከፈተ። "ቁልፉን ደግሞ ረሳሽው?" የሚል ድምፅ መጣና መሀል ላይ ተቋረጠ።

አባቷ ናቸው። አበባ አበባ ያለበት የሚስታቸውን ጋዋን ለብሰዋል። ራሳቸው ላይ ፌስታል ታስሯል፤ ከፌስታሉ ጠርዝ ጥቁር ቀለም ወደ ጆሯቸው እየወረደ ነው። ሪዛቸው ላይ ያው ቀለም ተደፍድፏል። ተያየን። በጣም ረጅም ጊዜ ተያየን።

"አረፈድኩ?" አልኩ።

አባቷ ዞረው የኮሪደሩን የግድግዳ ሰዓት አዩ። "ለስንት ሰዓት ነው የተባልከው?"

"ለስድስት።"

"ምሳው ሰባት ነው። አሁን ደግሞ ለአምስት አሥር ጉዳይ ነው።"

እጄን ዘርግቼ ሰዓቴን አሳየኋቸው። ያዙት፣ ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ አስወለቁኝ፣ አዞሩት።

"ላይኛው በየት በኩል ነው?"

"በዚህ በኩል… ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል?" አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት አጠገብ ይህ ቃል ሲነገር ሰምተው እንደማያውቁ ከፊታቸው አነበብኩ። "ግባ፤ ጎረቤት ሳያየኝ።"

ገባሁ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ገበያ ናቸው። ቀለሙን የሚቀቡት ማንም ሳይኖር ነው፤ ቤተሰቡ ፀጉራቸው በተፈጥሮው ጥቁር እንደሆነ ነው የሚያውቀው። (ኋላ እንደሰማሁት ቤተሰቡ ሁሉንም ያውቃል፤ ገበያ የሚሄዱትም ለዚህ ሲሉ ነው።)

"ያየኸውን አላየህም።"

"ምን አየሁ፣ ጋሼ?"

ደስ አላቸው። እኔ ግን ዓይኔ ፌስታሉን ትቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። ወንበር ላይ ግራጫ ኮት ተንጠልጥሏል፤ ከኋላ የመሀል ስፌቱ ከኮሌታው ሥር እስከ ወገብ ተተርትሯል።

"ጠዋት ስለካው ነው" አሉ ዓይኔን ተከትለው። ድምፃቸው ወረደ። "ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ነው። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል… ሌላ ኮት የለኝም። ሰው የልጁን ወዳጅ በሹራብ ይቀበላል?"

ኮቱን ገለበጥኩት። ጨርቁ አልተቀደደም፣ ክሩ ነው ያለቀው። ውስጡን ሳይ ሰፊው ደግ ሰው ነበር፤ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትቷል።

"ይስተካከላል፣ ጋሼ። ሆዱ ላይም ትንሽ እለቅልዎታለሁ።"

"መቼ ይደርሳል?"

"ሐሙስ" አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እኔ አይደለሁም የተናገርኩት፣ ስምንት ዓመት ነው የተናገረው። ቅንድባቸው ሲነሣ ፌስታሉም አብሮ ተነሣ።

"ምሳው ዛሬ ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቁጭ አልኩ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛውን ጊዜ አሰብኩ፤ ክሩን መፍታት አሥር ደቂቃ፣ በስፒል መያዝ አምስት፣ በእጅ መስፋት ሃያ አምስት፣ መተኮስ አሥር። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። "ሃምሳ ደቂቃ፣ ጋሼ።"

"ሃምሳ?"

"ሃምሳ። አርባ አምስትም አይደለም፣ አንድ ሰዓትም አይደለም።"

ሌላ ወንበር ጎትተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። "ልክ አምስት ሆኗል። ጀምር።"

መርፌና ክር ሁሌም ከኮሌታዬ ሥር አይጠፋም። ምላጭ ከመላጫቸው፣ ስፒል ከሚስታቸው ቆርቆሮ፣ ካውያ ከጓዳ ተገኘ። እየሠራሁ ሳለ ማውራት ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰሙትን ምክንያት ሁሉ ነገሩኝ። አንዱ ሠራተኛ አያቱን አራት ጊዜ ቀብሯል። አንዱ "አውቶቡሱ መንገድ ጠፋው" ብሏል። አንዷ ደግሞ ምክንያት ስታጣ እዚያው በሩ ላይ ተደግፋ አንቀላፍታለች። እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ መርፌዋ ሁለቴ ጣቴን ወጋችኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

"ያን ሁሉ ዓመት ወደ እኔ የሚሮጥ ሰው ሁሉ እየተራገመ ነበር የሚመጣው። ሁለት ሰዓት ቀድሞ የመጣልኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።"

በስህተት ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሳዘኑኝ፤ ደግሞም ወደድኳቸው፣ በጋዋንና በፌስታል።

መተኮሱን ጨርሼ ካውያውን ሳነሣ ሰዓቱን አዩ። "አርባ ዘጠኝ። አንድ ደቂቃ ቀርቶሃል።" ያችን አንድ ደቂቃ የተረፉ ክሮችን ለመልቀም ተጠቀምኩባት። ሃምሳ ሲሞላ ኮቱን ትከሻቸው ላይ፣ በጋዋኑ ላይ አለበስኳቸው። ቆለፉት። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ምንም አልተተረተረም። በደስታ ልንተቃቀፍ ትንሽ ሲቀረን አንድ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝ።

"ጋሼ፣ ያ ቀለም ስንት ደቂቃ ነው የሚቆየው?"

"አሥራ አምስት።"

"መቼ ነው የተቀቡት?"

የግድግዳውን ሰዓት አዩ። "አራት ከአርባ" አሉ፣ በሹክሹክታ።

ወደ መታጠቢያው እንዴት እንደሮጥን አትጠይቁኝ። ፀጉሩ ደህና ነው፤ ጥቁር ሆነ፣ እንዲያውም ከጥቁር አለፈ። ሪዙ ግን ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ልክ በሰዓቱ የገባ ሰው የሚጻፍበት ሰማያዊ። የላይኛው ከንፈራቸውም አብሮ ቀልሟል። በሳሙና አሸን፣ በሎሚ አሸን። እህቴ ደንበኞቿ ግንባር ላይ ቀለም ሲቀር በዘይትና በጥርስ ሳሙና እንደምታለቅቅ ትዝ አለኝና እሱንም ሞከርን። ትንሽ ለቀቀ። "አንተ ሂድ፣ ሳሎን ቁጭ በል፤ ሲመጡ ተቀበላቸው" አሉኝና በሩን ከውስጥ ዘጉ።

ስድስት ተኩል ላይ ሴቶቹ ገቡ። የኔዋ እኔን ሶፋው ላይ ስታየኝ የያዘችውን ዘንቢል ለቀቀችው።

"አንተ! መቼ መጣህ?"

"አምስት ሳይሞላ።"

"የዛሬው አምስት?"

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳው ቀርቦ፣ ሁላችን ተቀምጠን፣ የአባወራው ወንበር ባዶ ነበር። በዚያ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ሁሉም አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ ሰዓቱን ያያል። ሰባት ከአምስት። ሰባት ከአሥር። ከመታጠቢያው የፍትጊያ ድምፅ ይሰማል። ሰባት ከአሥራ ሁለት ላይ በሩ ተከፈተ።

ኮቱ ልክክ ብሎባቸዋል፤ ሥራዬ ስለሆነ አይደለም የምለው። ሪዛቸው ግን በጣም ከመታሸቱ ሥሩ ቀልቷል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ዞር ሲሉ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ቀርቷል። ታላቅ እህቷ ናፕኪኗን አፏ ውስጥ ከተተች። አባቷ ማንንም ሳያዩ መዝገቡን አወጡ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈቱ፣ በራሳቸው ስም ትይዩ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብለው ጻፉ።

"ምክንያት?" አሉ ሚስታቸው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ዓመት እንደጠበቁ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

አባቷ አንዴ ወደኔ አዩ። እኔ ሳህኔን እያየሁ ነበር።

"የግል ጉዳይ" አሉ።

ለኔ ቢያንስ አንድ ሰማያዊ እንዲጻፍልኝ ጠብቄ ነበር። መዝገቡን ዘጉት። እንግዳ አይመዘገብም። ምሳው ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን ያ የተዘጋ መዝገብ ሆዴን አባባው። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝና "የሚመጣው እሁድ ሰባት ሰዓት" አሉኝ። "ሰባት ማለቴ ነው፣ ስድስት አይደለም።"

በዚያ ሳምንት ሁሉም ተናዘዙ። አለቃዬ እየሳቀ፣ እህቴ እየተቆጣች፣ እማዬ "አምስት ደቂቃ ነው እኮ" እያለች። ሰዓቴን ከሬድዮ ጋር እንደገና አስተካከልኩት፤ ስተኩስም ስታጠብም ከእጄ አልወረደም። ውሃ ቻለ። እሁድ ለት ሰዓቴ ቅንጣት አልተዛባም፤ በጊዜ ከቤት ወጣሁ፤ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ ፀሐይዋ በጥቁሩ ፊት ላይ እንዴት እንደምታበራ እጄን እያዘነበልኩ ሳደንቅ አውቶቡሱ ፊቴ ቆሞ፣ ሰው ጭኖ ሄደ።

የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲያደርሰኝ ሰባት ከአሥራ አንድ ሆኗል። ከፌርማታው እስከ በራቸው ሮጥኩ። ያ የማላውቀው፣ እነሱም የማያውቁት አርባ ደቂቃ ያረፈደ ሰውዬ አብሮኝ የሚሮጥ መሰለኝ። በሩ ገጠም ብሏል። ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ሁለት ዓመት ፌርማታ ላይ የቆመችው ሴት ታወሰችኝ። ነካሁት። ተከፈተ። አልተቆለፈም ነበር።

ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። አባቷ፣ ግራጫውን ኮት እንደለበሱ፣ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በማስመሪያ አንድ አዲስ መስመር አሰመሩ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሡና ጫን እያደረጉ ጻፉ። የኔዋ በትከሻቸው ላይ አጮልቃ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

መዝገቡን ወደኔ አዞሩት። ከሚስታቸው ስም ሥር፣ ከታላቋ ሥር፣ ከእሷ ሥር፣ በቀይ እንዲህ ይላል፦ "አማች፣ 11 ደቂቃ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቀይ ተጽፎበት እንደዚያ የተደሰተ ሰው በፋብሪካውም አልነበረም።

"ምን ይገትርሃል? ቁጭ በል፣ ምሳው ቀዘቀዘ" አሉኝ። "ያንንም የካፖርት ቁልፍ የመሰለ ነገር አውልቅና ቁጥር ያለው ሰዓት ግዛ።"

"እሺ ጋሼ፣ እገዛለሁ።"

"መቼ?"

አፌን ሳልከፍት ሚስታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እሳቸው ራሳቸው በአንድ ድምፅ መለሱልኝ፦

"ሐሙስ!"